ሁለት ቁጥር ወደ ታች

ዓራድ፣ ገና ሳይነጋ። ከጨው ባሕር በኩል
ነፋስ ይመጣል፣ አሸዋ ያዘለ፤
መሮጫውን ላሰው፤ አስፋልቱም ዝም አለ።

ከሬሖቮት መጣ ዶክተር ኤላዛር፣
የሰው ጥርስ ነቅሎ የገዛትን ይዞ፤
ግራጫ፣ ዝቅ ያለች፣ ከሆዷ እስከ ምድር
አራት ጣት የማይሞላ።
«አጠንክርልኝ» አለ፣ በሩን እንኳ ሳይከፍት፤
«አራቱንም። እስከ መጨረሻው።»

አጎቴ፣ ጎንደር ላይ የጭነት መኪና ሲጠግን፣
አሞርዛቶር ይለው ነበር፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ቃል።
እዚህ በዕብራይስጥ ስሙ ነውጥ ገቺ ነው፤
ነውጥ ግን አይገታም፤
ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ያልቃል።

ድሮ ቢሆን ከሥሯ ተንጋልዬ፣ አቧራ ለብሼ፣
ቀለበቱን ጠቅ፣ ጠቅ፣ እያልኩ እቆጥር ነበር።
ዛሬ መፍቻዬ ላፕቶፕ ነው፤
አንድ ገመድ፣ አራት ቫልቭ፣
ዓይን አንዴ እስኪርገበገብ
አሥር ጊዜ ሐሳቡን የሚቀይር ዘይት።
እሺ አልኩት። አጠነከርኩ።
ደንበኛ ንጉሥ ነው፤
ንጉሥ ሲሳሳት ሰዓት ይያዝለታል።

የኩሴይፌው ሰልማን ባንዲራውን አወረደ።
አንደኛው ኩርባ ደኅና። ሁለተኛውም።
ሦስተኛው ላይ፣ አስፋልቱ በክረምት ጎርፍ ያበጠበት፣
እንደ ተቆጣች ፍየል ዘለለች፤
የኋላ ጎማዋ አየር ረገጠ፣
አየር ደግሞ አያስረግጥም፤
ጅራቷ ወደ አሸዋው፣ አፍንጫዋ ወደ እኔ።
እንደ ምንም ዞሮ ገባ፦ አንድ ደቂቃ ከአርባ አራት።

ወረደ፣ አንገቱ ላብ። «ገና አልጠነከረም» አለኝ።

«ዶክተር» አልኩት፣
«ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሲመጣልህ
ምን ታደርግለታለህ?»
«ከመሐል ለስላሳ ነገር አስገባለታለሁ፣
አለዚያማ ይሰነጥቀዋ...»
አለና ዝም አለ።

የኋላውን፣ ስትታመቅ፣ ሁለት ቁጥር ወደ ታች፤
ስትመለስ አንድ ብቻ። የፊቱን አልነካሁም።
ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይባላል፤
ጎማም የሚለካው እንደ ጋለ ነው፤
ጥቂት ነፋስ አስወጣሁ፣
መዳፌ ላይ የላስቲክ ሽታ ቀረ።

አባቴ ማረሻ ይሠራ ነበር።
ማረሻ ሲበዛ ከጠነከረ ድንጋይ ላይ ይሰበራል፣
ከላላም ይታጠፋል፤
መሐሉን የሚያውቀው በጆሮው ነበር፣
ውሃ ውስጥ ሲነከር በሚለው «ጭስስ»።
እኔ የማየው ስክሪን ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰማያዊ መስመር ነው።
አንዳንዴ ዓይኔን ጨፍኜ መኪናዋን አዳምጣለሁ፤
ይህን ለደንበኛ አልናገርም።

እንደገና ወጣ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ
ትንፋሼን ያዝኩ። እብጠቱ መጣ፤
ዋጠችው፣ ክኒን እንደ ለመደ ሰው፣
አንገቷን ቀና ሳታደርግ።
አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስድስት።
ሰልማን ባንዲራውን ብብቱ ሥር አድርጎ
ሲጋራውን ለኮሰ፤ የእሱ ጭብጨባ ይኸው ነው።

ዶክተሩ አልጮኸም።
መሪው ላይ የደረቁ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀ፣
«ከዚህም በታች ቁጥር አለ?» አለኝ ቀስ ብሎ።
«አለ» አልኩት። «ከዚያ በኋላ ግን ጀልባ ናት።»

ማታ በራሴ ማዝዳ ወደ ቤርሳቤህ ተመለስኩ።
የግራ ኋላ አሞርዛቶሯ ዘይት ያለቅሳል፣ ሁለት ዓመቱ፤
ቁጥር የለው፣ ገመድ የለው፤
የጫማ ሠሪ ልጅ በባዶ እግሩ ይሉት ነገር።
ከኋላ ወንበር ሠላሳ እንቁላል ጭኛለሁ፣
ሚስቴ ያዘዘችኝን።
የሰፈራችን ጉብታ ላይ ስደርስ
እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ ወገቤን ከወንበሩ፣
አንድ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ትሪውን ደገፍኩ፤
እኔው ነውጥ ገቺ ሆኜ
ቀስ፣
ቀስ ብዬ ወረድኩት።

ቤት ገብቼ ቆጠርኩ፤
ሃያ ስምንቱ ደኅና ናቸው።